የተቆረጠው ገመድና ሦስተኛው ቁልፍ

ይድረስ ማጂ ላሉት ለውድ አባቴ ለአቶ ተረፈ፤

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቀኝ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የማጂ ብርድ እሱን ለይቶ እንደሚወደው ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። ሳሉስ ለቀቀዎት? እማዬ መነጽሩን ማድረግ ጀመረች ወይስ እንደ ልማዷ መጽሐፍ ቅዱሱን ከዓይኗ አርቃ በግምት ታነባለች? ኤፍሬም ትምህርቱን፣ ላሟ ጥጃዋን እንዴት ይዘዋል? እኔ ጌታ ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። እጄም እግሬም ጥርሴም በየቦታቸው ናቸው። ጥርሴን መጥቀሴ እንዲያው አይደለም፤ ባምላኩ እዚያ ምን ብሎ እንዳወራ ሰምቼ ነው።

ባምላኩ ባለፈው ሐሙስ አይሱዙውን ከተከራየሁበት ግቢ ፊት አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ የላኩብኝን ቃል ነገረኝ። ሳይክሉን ሽጪ፣ ዕቃሽን ሸክፊ፣ በዚሁ መኪና ነይ፤ ቱም ያለው የአክስትሽ ሱቅ ሰው ይፈልጋል ብለዋል አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ሌቦች መንገድ ላይ ጠብቀው፣ ደብድበው፣ ጥርስሽን አውልቀው ሳይክልሽን እንደቀሙሽ አባትሽ ሰምተው ነዋ አለኝ። ከማን ሰሙ ስለው አንገቱን ደፍቶ መሪውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ከሱ ነዋ የሰሙት! ወሬው ከሚዛን ተፈሪ ሲነሳ ፌስታል ያህል ነበር፤ ማጂ ሲራገፍ ኩንታል ሆኗል።

በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ሲገኝም እርስዎ ነገሬን ሳልጨርስ በይ እሺ፣ ደህና ሁኚ ብለው ይዘጉታል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ኤፍሬም፣ ስታነብላቸው አንድም መስመር እንዳትዘል፣ አደራህን። አባዬ፣ አልመጣም። ሳይክሌንም አልሸጥም። በድፍረቴ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ይቆጡ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሰምተው ይቆጡ።

ሳይክሏ ለእኔ ጌጥ አይደለችም። የምሠራበት የቡና ችግኝ ጣቢያ በቴፒ መንገድ ከከተማ ወጥቶ፣ ከአስፋልቱም ተገንጥሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። እኔ የምጠብቃቸው ችግኞች አርባ ሺህ ናቸው። በዚህ በበጋ ወር ፀሐይ ሳትበረታባቸው ውሃ ካልጠጡ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንዴ ከደፉ ደግሞ ማባበል ከባድ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መደቡ ላይ መገኘት አለብኝ። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከአስፋልቱ አይወርድም። በሳይክል ግን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃኛል፤ ቁልቁለቱ ላይ እየዘመርኩ ከሆነ ሠላሳ። ሳይክሏ በጠፋች ጊዜ ሦስት ጠዋት በእግሬ ሄጄ ሦስቱንም ቀን አረፈድኩ። ኃላፊያችን አቶ ዓለምሰገድ የጠዋቱን ውሃ ለቅርብ ሰው እንስጠውና አንቺ መጋዘን ገብተሽ የችግኝ ፕላስቲክ ትቆጥሪያለሽ አለኝ። እርስዎም ሳይክሉን ሽጪ ሲሉኝ ሥራሽን ሽጪ ማለትዎ ነው። እኔ ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩት ፕላስቲክ ለመቁጠር አይደለም።

አሁን የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎ፤ ከባምላኩ ኩንታል ላይ ገለባውን ያራግፉበት። ማንም አልመታኝም። ማንም መንገድ ላይ አልጠበቀኝም። ጥር መጨረሻ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። አቶ ዓለምሰገድ ለስብሰባ ጠራንና ሳይክሌን ከጥበቃ ቤቱ የእንጨት ምሰሶ ጋር አሰርኳት። ያሰርኩባት ቁልፍ ከውጭ ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰ፣ ገመድ የሚመስል፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ነበር። የጋዋኔ ኪስ ተቀዷልና መክፈቻውን ለዘበኛችን ለጋሽ አሞጽ ሰጥቼ፣ ጋሽ አሞጽ፣ ቁልፉን አደራ ብዬ ሮጥኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ጋሽ አሞጽ አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ ጥፋቱ ግን የሳቸው አማርኛ አይደለም፣ የአማርኛ የራሱ ነው። የሚዘጋውንም ቁልፍ ይለዋል፣ የሚከፍተውንም ቁልፍ ይለዋል። እኔ ቁልፉን አደራ ስል ሳይክሏ ላይ ያለውን ማለቴ ነበር። እሳቸው መዳፋቸው ላይ ያረፈውን ሰሙ። አደራ ደግሞ ለጋሽ አሞጽ ቀልድ አይደለም። መክፈቻውን የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው የኪሱን ቁልፍ ቆለፉበት፤ ሸሚዝ ላይ ያለችውንም ቁልፍ ነው የምንላት፣ ምን ይደረግ! ከዚያ በእጃቸው ደረታቸውን ይዘው፣ ሌባ መጥቶ ኪሳቸው እንዳይገባ እየተጠነቀቁ፣ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ።

ከስብሰባ ስወጣ ጋሽ አሞጽ ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ። ኪሳቸውን ከፍተው፣ ይኸው ልጄ፣ ቁልፉ ደህና ነው፣ ዝንብ እንኳ አላረፈበትም አሉኝ። ከጀርባቸው ምሰሶው ባዶውን ቆሟል። ከምሰሶው ሥር ያ ጥቁር ገመድ መሳይ ነገር ለሁለት ተቆርጦ ወድቋል። ከጎኑ ደግሞ የራሴ የመግረዣ መቀስ ተቀምጧል፤ ችግኝ ቤቱ በር ላይ ትቼው የሄድኩት። ሌባው ጨዋ ነው፣ ተጠቅሞበት መለሰልኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጋሽ አሞጽ ነገሩ ሲገባቸው ከኔ ብሰው አለቀሱ።

በአራተኛው ቀን ቡና የሚገርዙ ሴቶች ሳይክሏን ከጣቢያው ብዙም ሳትርቅ ቦይ ውስጥ አገኟት። ካቴናዋ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ያቺ ሳይክል ጠባይ አላት፤ በቀኝ እግር ከጀመሩባት ካቴናዋን ትጥላለች፣ በግራ ሲጀምሩባት ግን በግ ናት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሌባው በቀኙ ጀምሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና በቀኙ ጀምሮ፣ በመጨረሻ ተናዶ ወርውሯት ሄዷል። ይኸው ነው ታሪኩ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅ መፈለግም ትቻለሁ።

ሳይክሏ ስትገኝ እንዲህ ተርፋልሽ ሳለ ሽጫት ያላለኝ ሰው የለም። አከራዬ ወይዘሮ አስካለች አለች። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች አሉ። እንዲያውም ሴት ልጅ በሳይክል መሄዷ ነው ሌባ የጠራው ያለም አለ። ሁሉንም እሺ፣ አስብበታለሁ እያልኩ ሸኘኋቸው። የእርስዎ መልእክት ሲመጣ ግን እሺ ማለት አቃተኝ፤ እርስዎ ባምላኩን ሲሰሙ የታየዎት የኔ ሳይክል እንዳልሆነች ስለማውቅ ነው። የታየችዎት ዳማዋ በቅሎዎ ናት።

ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዳማዋን ማር ጭነው ሚዛን ወረዱ። ገበያው ዳር አስረዋት ማሩን ሲያስመዝኑ ገመዷን ቆርጠው ወሰዷት። የገመዱን ቁራጭ ትከሻዎ ላይ ጥለው ስድስት ቀን በእግርዎ ተጉዘው ገቡ። እግርዎን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የውሃውን ቀለም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጎረቤቱ ሁሉ ሌላ በቅሎ ይግዙ ሲልዎ፣ ደግሞ ለሌባ ልግዛ? አሉ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት የቱምን ገበያ በእግርዎ ወጡ፣ ወረዱ። ጉልበትዎን የበላው ብርዱ ብቻ አይደለም። ገመዱ ደግሞ መሐል ምሰሶው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እማዬ ቤት ስትጠርግ እንኳ አትነካውም። እኔና ኤፍሬም ከሱ ሥር ተኝተን ነው ያደግነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳዩት ሚዛን ያደረገችኝን ተመልከቱ ሲሉ እየሰማን።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል አይደል? የኛን ገመድ የቆረጠው ሌባ ነው፤ ያሳጠርነው ግን እኛው ነን። ይቅር ይበሉኝ አባዬ፣ ይህን ፊትዎ ቆሜ መናገር አልችልም ነበር። ያ ሌባ የወሰደው አንዲት በቅሎ ነው። ሃያውን ዓመት ግን እሱ አልወሰደም፣ እኛ ጨምረን ሰጠነው። እኔ የምጨምርለት የለኝም።

ስለዚህ ነው ሳይክሏ እንደተገኘች፣ ገና መልእክትዎ ሳይደርሰኝ፣ ቁልፍ ፍለጋ የወጣሁት። አቶ ዓለምሰገድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ ሳቀብኝ። ጅቡ እኮ ሰፈሩን አልለቀቀም አልኩት። ከገበያው ከፍ ብሎ ሸምሱ የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሳይክሏን እየገፋሁ፣ ያንኑ የመግረዣ መቀስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ አሞጽም አልቀርም ብለው መዶሻ ይዘው ተከተሉኝ። ሸምሱ መጀመሪያ ያቀረበልኝ የድሮዬን ዓይነት ነው፣ ውፍረቱ ግን አውራ ጣት የሚያህል። ይህን ዝሆን አይበጥሰውም አለኝ። ዝሆን አይደለም የሚያሰጋኝ፣ በዚህ አገር መቀስ የሌለው ቤት የለም አልኩትና ልሞክረው፣ ከቆረጥኩት እከፍላለሁ አልኩ። ስቆ እሺ አለ። ሁለቴ ጨበጥ፣ ጨበጥ ሳደርገው ለሁለት ተከፈለ። አውራ ጣት የሚያህለው ፕላስቲኩ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ከስፌት ክር ብዙም አይወፍርም።

ሸምሱ ሳቁን አቆመ። ሁለተኛው ሰንሰለት ነበር፣ ወርቅ የመሰለ ጓጉንቸር ያለው። ሰንሰለቱን መቀሱ አልቆረጠውም፣ ደስ አለኝ። ጋሽ አሞጽ ግን ጓጉንቸሩን ድንጋይ ላይ አጋድመው በመዶሻቸው አንዴ ቢያቀምሱት አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሚስማር ልትገዛ የመጣች ሐፍሳ የምትባል ነጋዴ፣ የኔም መጋዘን በዚሁ ዓይነት ነው የተዘጋው ብላ ሚስማሯን ትታ ወደ መጋዘኗ ሮጠች። ሸምሱ ተቆጣ፤ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ሱቄን ልታዘጊ ብሎ ጮኸብኝ። ጥሩ ካለህ አምጣው፣ ከሌለህ የለኝም በል አልኩት። ወደ ጓዳ ገባና አቧራ የጠጣ ነገር ይዞ ወጣ። ድፍን ብረት ነው፣ እንደ በቅሎ ኮቴ የታጠፈ፣ አፉን ሌላ ወፍራም ብረት የሚገጥምለት። ከባድና አስቀያሚ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ሰው የለም። ይህን ከቆረጥሽ ሱቁን ከነዕቃው ውሰጂው አለኝ።

የመቀሴ ስለት ተሸረፈ፣ ብረቱ ላይ ጭረት ብቻ ቀረ። ጋሽ አሞጽ እስኪያልባቸው ቀጠቀጡት፣ አልተናገረም። እኔም ወዲያው አላመንኩትም። ቀዳዳውን ዝናብና አቧራ እንዳይገባበት የሚዘጋ ክዳን እንዳለው አየሁ፤ የኛ ዝናብ ከሌባ ቀድሞ ቁልፍ እንደሚበላ ያውቃሉ። ከሳይክሏ ጋርም ለካሁት፤ የኋላ ጎማዋንና የብረት አጥንቷን አንድ ላይ ይይዛል። ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ሌሊቱን ጎማ ሲጠብቅ ያድራል። ሦስቱንም መክፈቻዎች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሸምሱ ያበላሸሁበትን ሁለቱን አስከፈለኝ፣ ይገባዋል። ሰንሰለቱ አሁን የወይዘሮ አስካለችን የዶሮ ቤት ይዘጋል፤ ለሸለምጥማጥ ይበቃል።

ጥሩ ቁልፍ ምስጥ በበላው ምሰሶ ላይ ቢታሰር ምን ዋጋ አለው? ምሰሶውን ነቅለው ከነቁልፉ ይሸከሟታል። አቶ ዓለምሰገድን የብረት ማሰሪያ እንትከል ብዬ ጠየቅሁት። ዛሬ የሳይክል ማሰሪያ፣ ነገ ደግሞ የበቅሎ ጋጣ ትይኛለሽ አለ። በቅሎ ቢኖረኝ አዎ እልህ ነበር አልኩት። የልቤን እሳት አላወቀም እንጂ ቢያውቅ አይናገራትም ነበር። ሰኞ ሥራ ካበቃ በኋላ ከጋሽ አሞጽ ጋር ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፈርን። የተጣለ የውሃ ፓምፕ ቱቦ አጥፈን፣ ሁለት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትንና ሸምሱ ራሱ በሰጠን የተራረፈ ሲሚንቶ ደፈንነው። በማግስቱ አቶ ዓለምሰገድ ዞሮ ዞሮ አየው፣ በጫማው መታ መታ አደረገውና ወደ ቢሮው ገባ። ከሳምንት በኋላ የራሱን ሞተር እዚያው አስሮ አገኘሁት። ያሰረው ግን በዚያው በገመድ መሳዩ ነው፤ ሸምሱ ጋ ሂድ ብየዋለሁ። የፕላስቲክ ቆጠራውም ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ሳይክሏ ከተገኘች ወዲህ አንድም ቀን አላረፈድኩም።

ሁለተኛውን መክፈቻ ለማን እንደሰጠሁ ይገምታሉ? ለጋሽ አሞጽ። ሰው ሁሉ አብደሻል ወይ አለኝ። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው፣ ተይኝ ልጄ፣ ለኔ አይሆንም አሉ። በግድ ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩት። አደራቸውን እኮ አላጎደሉም፤ የተባሉትን ነው የጠበቁት። አሁን የሚከፍተውን ይያዙልኝ፣ የሚዘጋውን ይጠብቁልኝ ብዬ ለይቼ እነግራቸዋለሁ። በየሰዓቱ ሄደው ብረቱን ዳሰስ አድርገው ይመለሳሉ። ስንገናኝ ሰላምታቸው፣ እሱም ደህና፣ እኔም ደህና ሆኗል።

አባዬ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዳሉኝ ባምላኩ ነግሮኛል። ሌባው ተመልሶ አይመጣም አልልም። ይምጣ። መቀስ ይዞ ይምጣ፣ ስለቱ ተሸርፎ ይመለሳል። መጋዝ አምጥቶ ቢቀናው እንኳ ሌላ ሳይክል እገዛለሁ። እሷንም ቢወስድ ሦስተኛ እገዛለሁ። ለሌባ አይደለም የምገዛው፣ ለራሴ ነው።

ሦስተኛው መክፈቻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ፤ ኤፍሬም ይስጥዎ። ሳይክሏ ትሸጥ ካሉ አልከለክልዎትም፣ አባቴ ነዎት። ግን እኔ ከፍቼ አልሸጣትም። ይምጡና በገዛ እጅዎ ፈትተው ይሽጧት። ባምላኩ ጋቢናውን ባዶ አድርጎ እንደሚጠብቅዎ ምሎልኛል፤ ለወሬው ቅጣት ነው። ሚዛንን ከዳማዋ ወዲህ አላዩአትም። ሲመጡ ከኋላ መጫኛው ላይ ትራስ አስሬ፣ በግራ እግሬ ጀምሬ፣ አርባ ሺዎቹን ወስጄ አሳይዎታለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ወገቤን ይይዙኛል። ከዚያ በኋላ ሽጫት ካሉኝ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አልመጣም ካሉ ደግሞ መክፈቻውን መሐል ምሰሶው ሚስማር ላይ ይስቀሉት። ሚስማሩ አንድ ነው፤ ሁለት ነገር አይይዝም።

እማዬን አገላብጠው ይሳሙልኝ፤ መነጽሩን እንድታደርግ እኔ እንዳዘዝኩ ይንገሯት። ኤፍሬም፣ ሳትዘል አንብበህ ከሆነ ስትመጣ ሳይክል አስተምርሃለሁ፤ ዘልለህ ከሆነ ግን በእግርህ ትሄዳለህ። ቱም ያለችው አክስቴን ስለ ሱቁ አመስግኑልኝ፣ እኔን ግን አትጠብቅ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በጸሎታቸው እንዲያስቡኝ፣ ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ በየስማቸው፣ ለአዲሷም ጥጃ ሰላምታዬ ይድረስ።

ለገመዱ ግን ሰላምታ የለኝም።

ልጅዎ ማራናታ ተረፈ
ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.